ቪዛው እስኪወጣ

መኪናዋ ከካዛንቺስ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርድ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ስለ ቋንጣ ይጠይቁ ነበር።

«እንደው ያስገቡልኝ ይሆን ሻለቃ? ቄራ ድረስ ሄጄ ራሴ መርጬ ያስቆረጥኩት ሥጋ ነው። ሃብተአብ ሲታመም ሌላው ምግብ ሁሉ ይመረዋል። ቋንጣ ብቻ ነው የሚያምረው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ።»

ሻለቃ ወልደአረጋይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። ወደ ኋላ አልዞረም። ወደዚያ አገር ሥጋ፣ ቅቤና አይብ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ለአጭር ጉብኝት የሚሄድ ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ፣ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንደሚገዛ፣ የመመለሻ ትኬቱን መቼ እንደሚያሳይ ሰሞኑን ጠይቆ፣ አንብቦ፣ በቃሉ ይዞታል።

«ይገባል ተናኜ» አላቸው። «ምን ችግር አለው።»

እውነትም ምን ችግር ነበረው? ቋንጣውን የሚበላው ሰው የለም። ሃብተአብ ሞቷል። ይህን ደግሞ ከእናቱ በቀር የቀረው ካዛንቺስ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ሻለቃን አንቱ ብዬ አልተርክለትም። ማዕረጉን በላቡ ያገኘ ሰው ነው፣ የእድራችን ሰብሳቢ ሆኖም ብዙ ዘመን አገልግሎናል። ነገር ግን በዚያን ቀን የሠራውን ሥራ አንቱታ አይሸፍነውም፤ እሱም ራሱ ብትጠይቁት ይሸፍነኛል አይልም።

ሰፈራችን ሊነሣ የተቃረበበት ጊዜ ነበር፣ የ2017 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት መግቢያ። የቆርቆሮ አጥሩ ሁሉ ይፈርሳል ተብሎ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ግማሹ ጎረቤት አልጋና ቁም ሣጥኑን በአይሱዙ ጭኖ ሄዶ፣ የቀረነው ደግሞ ነገ ዛሬ እያልን ነበር። የሃብተአብ ሚስት ሔለን ከአውሮፓ ስልክ የደወለችው በዚህ መሐል ነው። የደወለችው ለወይዘሮ ተናኘወርቅ ሳይሆን ለወንድማቸው ልጅ ለፍዮሪ ነበር። ፍዮሪም ስልኩን እንደያዘች፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ፣ ሻለቃ ቤት ሮጠች።

ወደ ሌላ ወዴት ትሮጥ? በካዛንቺስ መርዶ የሚያረዳ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እሱ ነው። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ያሰባስባል፤ ጉልበት ያላቸው ሴቶች መርጦ ከበሩ ግራና ቀኝ ያቆማል፤ ቃል አያበዛም፣ ሰው ልቡ እየሸሸ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም። ወታደር ሳለ የጓዶቹን ሞት ለእናቶቻቸው እያደረሰ የተማረው ነው ይባላል። ክፉ ወሬ በክፉ አፍ ሲነገር ያየ ሰው የሻለቃን ዋጋ ያውቀዋል።

እናም በእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በብረት ድስቶችና በአግዳሚ ወንበሮች መሐል፣ የቀሩትን ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ሁሉም ነገ ጠዋት ትረዳ አሉ። ሻለቃ ግን አይሆንም አለ።

«መጀመሪያ ቪዛው ይውጣ» አለ። «የሰንጋ ተራዋን አልጋነሽን ረሳችኋት? እህቷን ልትቀብር ጥቁር በጥቁር ለብሳ ሄደች፣ ከለከሏት። ሐዘንተኛ ሲያዩ ሄዳ ትቀራለች ብለው ነው የሚጠረጥሩት። ተናኜ የታመመ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ናት፤ በቃ። እዚያ ስትደርስ ሔለንና የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በወጉ ያረዷታል። ለደም ግፊቷም የሚሻላት ይኸው ነው።»

«ግን ሻለቃ» አለች ፍዮሪ፣ «ፎርሙ ላይ እኮ የምትሄጂበት ምክንያት ይላል። ማለቴ... ውሸት ከሞላን ኋላ ሙሉ በሙሉ ሪጀክት ቢያደርጉንስ?»

«የታመመ ልጇን ልትጠይቅ በይ ብያለሁ።»

ፍዮሪም እንደተባለችው አለች። ቀጠሮው ባልተጠበቀ ፍጥነት ሲመጣ ሻለቃ ደረቱን ነፋ። ኤምባሲው በር ላይ የጥበቃ ኃላፊ የሆነ የጦር ጓደኛ አለውና፣ «አንድ ስልክ ነው የደወልኩለት» እያለ ለሰው ሁሉ አወራ። እኛም አመሰገንነው። ወይዘሮ ተናኘወርቅማ እጁን ይዘው ሳሙት። ልጃቸው ጉሮሮው ላይ ቱቦ ስለገባለት ስልክ ማናገር አይችልም ብሎ የነገራቸውም እሱ ነበር።

እንግዲህ መኪናዋ እስጢፋኖስ ጋ ስትደርስ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በመስኮቱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተሳለሙ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ነጠላው ቀይ ጥለት አለው። ጠጉራቸውን ትናንት ተሠርተዋል። ልጄ ካላማረብኝ ይጨነቃል ብለው ነው።

«ማርልኝ» ሲሉ ተሰማ። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ከጎናቸው የተቀመጠችው ፍዮሪ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ሻለቃ ወሬውን ወደ ኤምባሲው ጥያቄና መልስ መለሰው።

«ብዙ አይጠይቁሽም። ወዴት ነው? ልጄ ጋ። ለምን? ታሞብኝ፣ ልጠይቀው። ትመለሻለሽ? አዎ፣ ቤቴ እዚህ ነው።»

«ቤቴማ ቀለም ተቀብቷል እኮ።»

«እሱን አትንገሪያቸው። የሚመለሱበት ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሳቁ። «ምነው ሻለቃ፣ በስተርጅናዬ ውሸት ያስተምሩኛል?»

«ውሸት አይደለም፣ መልስ ማሳጠር ነው።»

ኤምባሲው ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ ግድም ነበር። በሩ ላይ ስልክ ተቀበሏቸው፣ ቦርሳ ፈተሿቸው፣ የተራ ቁጥር ሰጧቸው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ክላሰሩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሰርግ ቤት እንደሚሄድ ሁሉ ለብሶ ተቀምጧል። ፍዮሪ ከኋላ አግዳሚው ላይ ቀረች። ቁጥራቸው ሲጠራ ሻለቃ የወይዘሮ ተናኘወርቅን ክንድ ደግፎ ወደ መስታወቱ መስኮት ወሰዳቸው።

ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጠጉሩ የሸበተ ፈረንጅ፣ ቆንሲሉ ነው። ሌላዋ ሻሽ በወጉ የጠመጠመች አስተርጓሚ፣ ሰብሪና የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች ወጣት ናት። ድምፅ የሚመጣው በማይክሮፎን ነው። በዚያ በኩል የተነገረ ነገር ሁሉ በዚህ በኩል ጮክ ብሎ ይሰማል፤ ማንሾካሾክ የለም።

ቆንሲሉ ወረቀቱን አየና ከወንበሩ ብድግ አለ። ራሱን ዝቅ አድርጎ በእንግሊዝኛ ጥቂት ቃላት ተናገረ። ሻለቃ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ በዚህም ሲኮራ ኖሯል። በዚያች ሰዓት ግን ባላወቅሁ ኖሮ አለ። ሰውዬው ያለው፣ በልጅዎ ሞት በጣም አዝናለሁ፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ተቆረጠ ወይ ነው።

ሰብሪና ልትተረጉም አፏን ከፈተች። ከዚያ ቀና ብላ ወይዘሮ ተናኘወርቅን አየች፤ የተሠራውን ጠጉር፣ ቀዩን ጥለት፣ ፈገግታቸውን። የቄራ ልጅ ናት፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ልጇ የሞተባት እናት እንዴት ሆና እንደምትመጣ ለእሷ አይነገራትም። ዓይኗን ወደ ሻለቃ መለሰች። ሻለቃ ራሱን በትንሹ ነቀነቀላት። አትንገሪያት ማለቱ ነው።

«ምን አለ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«እ... እንደምን አደሩ ነው የሚሉት፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በይልኝ። ምነው ታዲያ ፊቱ እንዲህ አዘነ?»

ቆንሲሉ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀ አየ። የሆነ ነገር እንዳልተተረጎመ ገብቶታል። ወረቀቶቹን አወጣና ጎን ለጎን ዘረጋቸው፤ በእርጋታም ለሰብሪና አስረዳት። ማመልከቻው የታመመ ልጄን ልጠይቅ ይላል። የሟች ባለቤት ደግሞ ራሷ ለኤምባሲው ጽፋ፣ እናትየዋ ለቀብር እንዲደርሱ ቀጠሮው ይፋጠንላቸው ብላ ለምናለች፤ ቀጠሮው የተፋጠነውም በዚህ ነው። ከሁለቱ አንዱ እውነት አይደለም። ለቀብር የሚሄድ ሰው ለቀብር ብሎ ይጠይቃል፣ ይፈቀድለታልም። በሐሰት ቃል ላይ ግን ቪዛ መስጠት አልችልም፤ ስለዚህ የሚሄዱበትን ምክንያት ከአመልካቿ ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ አለ።

ሻለቃ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ሲኮራበት የነበረው ስልክ ምንም አላደረገም ማለት ነው። የሠራችው ሔለን ናት፣ እውነቱን በመጻፍ።

«ሺ... ሺ ዳዝ ኖት ኖው» አለ በመስታወቱ ቀዳዳ። አታውቅም ማለቱ ነው። «ፕሊስ፣ ሰር።»

ቆንሲሉ አልገባውም። ልጅ ሞቶ እናት እንዴት አታውቅም? ምኑን ነው የማታውቀው ብሎ ጠየቀ።

ሰብሪና ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች። «አባቴ፣ እኔ የሚባለውን መተርጎም ነው ሥራዬ። ካልተነገራቸው ዛሬ ይከለከላሉ። እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻል ነበር።»

ይሻል ነበር። ለስንቱ ደጅ መርዶ ያደረሰ አፍ ነው። ዝም ካለ ተናኘወርቅ ይከለከላሉ፣ ልጃቸው እናቱ በሌለችበት አፈር ይለብሳል። ከተናገረ ደግሞ መርዶው እዚህ፣ ዘመድ በሌለበት፣ ባለ ተራው ከኋላ ክላሰር አቅፎ እያየ ነው። ወደዚህ ያመጣው እሱ ራሱ ነው፤ ኃላፊነቱን የሚወጣውም እሱ መሆን ነበረበት። ሻለቃ ግን ዞሮ ተናኘወርቅን ማየት አቃተው። ከዚያ፣ እስካሁን ሳስበው ለእሱ እኔ የማፍርለትን ነገር አደረገ።

«አንቺው ንገሪያት፣ ልጄ» አላት ሰብሪናን።

ሰብሪና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምኑን ነው የምትነግረኝ?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ሻለቃ፣ እስቲ ወደዚህ ይዩ። እኔን ይዩኝ። ሃብተአብ አለ?»

ሻለቃ መሬት መሬቱን አየ።

ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። ሁላችንም ይጮኻሉ ብለን የፈራነው ሴትዮ አልጮኹም፤ ፍዮሪ እንደነገረችን ከሆነ ትንፋሻቸው እንኳ አልተሰማም። የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። ፍዮሪ ከኋላ ሮጣ ወገባቸውን አቀፈች። ሰብሪናም ደንቡን ትታ በጎን በር ወጥታ መጣችና በሌላው በኩል ደገፈቻቸው። አንዲት የማያውቋት ልጅና አንዲት የወንድም ልጅ ይዘዋቸው፣ ሻለቃ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

«ተቀበረ?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«አልተቀበሩም እማማ» አለች ሰብሪና። «እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀና አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ለጌታዬ ንገሪልኝ። ታሞ ነው ያልኩት ስለማላውቅ ነው። የሚያውቁት አልነገሩኝም። ልጄን ልቀብር ነው የምሄደው።»

ሰብሪና እዚያው ቆማ በመስታወቱ ተረጎመች። ቆንሲሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሥራው ነውና ዓይኑን ሰብሮ ጠየቀ። ከቀብሩ በኋላ ይመለሳሉ ወይ?

«ልጄ ከሌለ ማን ጋ እቀራለሁ በይልኝ።»

ሰብሪና ይህንን ለመተርጎም ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋረጠች። ሲገባው ቆንሲሉ ብዕሩን አስቀመጠ። ማመልከቻው ለቀብር ተብሎ እንዲታረም አደረገ፤ ነገ ከቀትር በኋላ ፓስፖርታቸውን ይውሰዱ አለ።

ወደ በሩ ሲወጡ ሻለቃ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ። ሳያስቀይሙ፣ ሳይቆጡ፣ ክንዳቸውን ቀስ ብለው ከእጁ አራቁ።

«ተናኜ፣ እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ...»

«ለእኔ አይበሉ፣ ሻለቃ። ለሰው ሁሉ ደጁን አንኳኩተው ነው የሚነግሩት። እኔ የልጄን ሞት ቁጥር ይዤ፣ ተራ ጠብቄ፣ በመስኮት ሰማሁት።»

መኪና ውስጥ ፍዮሪ ድምፅ አውጥታ ልታለቅስ ስትል ጉልበቷን ያዝ አደረጓት። መንገድ ላይ አይለቀስም አሏት። ካዛንቺስ ሲደርሱ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ቁልፉን ከቦርሳቸው ፈልገው አወጡ። ሻለቃ በዚህም ጊዜ አልሄደም፤ የት ይሂድ።

«ዛሬ ማንም እንዳይመጣብኝ» አሉት። «እኔ ዛሬ ምንም አልሰማሁም። ነገ ጠዋት ሰው ሰብስበው ይምጡና በወጉ ያርዱኝ። ለሌላው እንደሚያደርጉት። ከዚያ አለቅሳለሁ።»

ገብተው ዘጉት።

ከሰዓት በኋላውን ሻለቃ የተበተነውን እድርተኛ ለመልቀም ዞረ። ወደ ቄራ፣ ተነሺዎች ወደ ገቡበት ኮንዶሚኒየም፣ ሰው ወደ ተከራየበት ሁሉ። በየደጁ፣ «አልሰማችም ወይ እስካሁን?» ይሉታል፤ እሱም ነገ በማለዳ ድረሱ ብሎ ያልፋል። አመሻሹ ላይ ሰንጋ ተራ፣ አልጋነሽ ቤት ደረሰ። ጥቁር ለብሳ ስለሄደች ተከለከለች ብሎ የፈረደባት ያቺ ሴት ናት። እሷ ዘንድ ሲደርስ መዋሸት ሰለቸው መሰለኝ፣ የሆነውን ሁሉ እንደወረደ ነገራት፤ እሷን ማሳያ እንዳደረጋትም ጭምር።

አልጋነሽ ዓይኗን አፈጠጠች። «እኔ? በጥቁር ልብሴ? ኧረ በስመ አብ፣ ማን ነገረዎት? የፓስፖርቴ ጊዜ ሊያልቅ ደርሶ ነው እኮ። አሳድሰሽ ነይ አሉኝ፣ ሳሳድስ ቀብሩ አለፈ። ጥቁር በመልበሴማ ከሰው ሁሉ አስቀድመው ወንበር ሰጡኝ።»

ሻለቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አልጋነሽ ውሃ አምጥታ ሰጠችው። አንድ ጊዜ ብጠይቅሽ ኖሮ አላት። እሷም አፈረችለት።

በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ በወይዘሮ ተናኘወርቅ ደጅ ተሰበሰብን። ከጠበቅነው በላይ ሰው መጥቷል፤ የሄዱት ጎረቤቶች ሳይቀሩ። ጠንካሮቹ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆሙ፣ አልጋነሽም ከእነሱ ጋር። ሻለቃ አሮጌ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ። እንደ ሌላ ጊዜው በልበ ሙሉነት አልነበረም፤ አንኳኩቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

በሩ ቶሎ ተከፈተ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ እንደማንኛውም ጠዋት ጋቢ ደርበው ብቅ አሉ። ዓይናቸው አብጧል። ሁላችንንም አዩን፤ ከዚያም ማንም ሰው በጠዋት ደጁ ላይ ሰው ሲያይ እንደሚጠይቀው ጠየቁ።

«ምነው ሻለቃ፣ በማለዳ? በደህና ነው?»

ለብዙ እናት የተናገረው ቃል ነበረው፣ የተሳለ፣ የማያደናቅፍ። አንዱም አልመጣለትም።

«በደህና አይደለም፣ ተናኜ» አለ። «ሃብተአብ ሞቷል። እኔም ደብቄሻለሁ።»

ያን ጊዜ ጮኹ። ሴቶቹ ያዟቸው፣ ሰዉ ሁሉ እያለቀሰ ተከትሎ ወደ ውስጥ ገባ። መርዶ በተነገረበት ቤት ሁሉ ቀድሞ የሚገባውና ከሐዘንተኛው ጎን የሚቀመጠው ሻለቃ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ግባ እስኪሉት ደጅ ላይ ቆመ።